ደመወዙ የሚወሰነው ማኒላ ላይ ነው

ሥራዬ የሰው ደመወዝ ማየት ነው። ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር፣ ከአል ሪጋ ጎዳና ብዙም በማይርቅ የገንዘብ ማስተላለፊያ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጬ ሠራተኛው ለአገሩ የሚልከውን እቀበላለሁ። ገንዘቡ ጠርቀም ሲል ከየት እንደመጣ መጠየቅ ደንብ ስለሆነ የሥራ ውልና የደመወዝ ማስረጃ በእጄ ያልፋል። ደመወዙ በባንክ ሳይሆን እኛ በምንሰጠው ካርድ የሚገባለት ሰው ደግሞ ወር በገባ ቁጥር እዚሁ መጥቶ ያወጣል። ስለዚህ ማን ስንት እንደሚያገኝ፣ ከዚያ ላይ ስንቱ ለአልጋ ኪራይ ቀርቶ ስንቱ ለእናት እንደሚሄድ አውቃለሁ። የሰው ስም መጥራት አይፈቀድልኝም፤ የቁጥሩን ነገር ግን ላወጋችሁ እችላለሁ።

የማወጋው ስለ ፊሊፒኖች ነው። ከናይፍ ሰፈር በኩል የሚመጡ የአገሬ ልጆች ተራቸው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲቆሙ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ፦ እነሱ ለምንድን ነው የሚበልጡን? አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማዳም ሥር፣ አንዷ ወጥ ቤት ሌላዋ ልጅ ጋ ሆነው ሲሠሩ ይከርማሉ። ወር ሲያልቅ ፊሊፒኗ 1,500 ድርሃም ስትቀበል የእኛዋ 1,000 ወይም ከዚያ በታች ትቀበላለች። ብዙ ሰው ምክንያቱን እንግሊዝኛ ላይ ይጥለዋል። ቋንቋ ይረዳል፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በዚሁ መስኮት እንግሊዝኛውን እያንበለበለች፣ ኮሌጅ ጨርሳ፣ ካፌ ውስጥ ቆማ የምትውል፣ ኪራይና ምግቧን ስትከፍል ደግሞ በቤት ሠራተኛዋ እጅ ላይ የሚቀረውን ያህል የማይቀራት ፊሊፒናዊትም ታልፋለች። ሁለቱን የሚለያቸው ከአገራቸው የወጡበት መንገድ ነው። ደመወዙ የሚወሰነው ዱባይ ሳይሆን ማኒላ ላይ ነው፤ ሰውየው ገና አውሮፕላን ሳይሳፈር።

ወለሉ እንዴት ተጣለ

ከጎኔ ያለውን መስኮት የምትይዘው ፊሊፒናዊት ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ የአገሯ ልጆች ታላቅ እህታቸውን እንደሚጠሩት «አቴ» እላታለሁ። በሰልፍ መሐል ፋታ ስናገኝ የአገሯን ነገር የምታስረዳኝ እሷ ናት።

ታሪኩ ከ1974 ይጀምራል (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በዚያ ዓመት የፈርዲናንድ ማርቆስ መንግሥት አዲስ የሠራተኛ ሕግ አወጣ፤ ሰው ወደ ውጭ ልኮ ማሠራት ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ሥራ ሆነ። የነዳጅ ዋጋ ስለናረ የባሕረ ሰላጤው አገሮች መንገዱንም ሆስፒታሉንም በአንድ ጊዜ ይገነቡ ነበር፤ እጅ ያስፈልጋቸዋል። ፊሊፒንስ ሥራ ያጣ ወጣት ሞልቷታል፤ የውጭ ምንዛሪ ደግሞ ቸግሯታል። ለጊዜው ተብሎ የተጀመረው ነገር ሥር ሰደደ። የአገሪቱ ስታቲስቲክስ ባለሥልጣን በ2023 በውጭ አገር የሚሠሩ ዜጎቹን 2.16 ሚሊዮን ብሎ ቆጥሯቸዋል፤ ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው። በ2024 በውጭ ያሉ ፊሊፒናውያን በባንክ በኩል የላኩት ገንዘብ ከ34 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ስምንት በመቶ ገደማ መሆኑ ነው።

ሕጉ መጀመሪያ ሰውን ለመላክ እንጂ ለመጠበቅ አልነበረም፤ ለመጠበቅ የጠነከረው በኋላ ነው። መጋቢት 1995 ሲንጋፖር ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለችን ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ በነፍስ ግድያ ከስሳ ሰቀለቻት። ብዙ ፊሊፒናውያን ጥፋተኛ ናት ብለው አላመኑም፤ መንግሥትም አልደረሰላትም ብለው አደባባይ ወጡ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በሰኔ፣ የውጭ አገር ሠራተኞች ሕግ የሚባለው ጸደቀ። በ2006 መጨረሻ ደግሞ የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት ደንብ መጣ፦ ማንኛዋም ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ በወር ከ400 ዶላር በታች አትቀጠርም፤ ለምልመላ ብሎ አንድም ሳንቲም ከእሷ መቀበል አይቻልም፤ የቤት ውስጥ ሥራ ሠልጥና ከመንግሥት የሙያ ማረጋገጫ ሳትይዝ አትሄድም። በመስኮቴ የማየው 1,500 ድርሃም ከዚህ የመጣ ነው። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.67 ታስሯል፤ 400 ዶላር 1,470 ድርሃም ገደማ ይሆናል፤ ቀጣሪዎች 1,500 ብለው ያጠጋጉታል። ሳውዲ ላይም 400 ዶላር ልክ 1,500 ሪያል ነው።

ማዳሟ ይህን የምትከፍለው ፊሊፒኖች ስለምትወድ አይደለም። ከዚያ በታች የተጻፈ ውል ስለማያልፍ ነው። ውሉ መጀመሪያ ቀጣሪው ባለበት አገር ወደሚገኘው የፊሊፒንስ የሠራተኞች ጉዳይ ቢሮ ይሄዳል፤ እዚያ ይመረመራል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ከዚያ ማኒላ ያለው ኤጀንሲ ይረከበዋል። ሠራተኛዋ የቅድመ ጉዞ ትምህርት ትወስዳለች፣ ለሠራተኞች መረዳጃ ፈንድ 25 ዶላር ይከፈልላታል፣ በመጨረሻ የውጭ አገር ሥራ ምስክር ወረቀት ይሰጣታል። ወረቀቱን የያዘ ሰው ከጉዞ ግብርና ከአየር ማረፊያ ክፍያ ነፃ ይሆናል። ወረቀቱን ሳይዝ ሊሠራ እንደሚሄድ የታወቀበት ግን ኤርፖርት ላይ ይመለሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ውሉ ውስጥ ያለ አንድ አንቀጽ ነው። በ1995ቱ ሕግ መሠረት ማኒላ ያለው ኤጀንሲና ውጭ ያለው ቀጣሪ ለሠራተኛው ደመወዝ በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው። ጅዳ ያለ አሠሪ የስድስት ወር ደመወዝ ቢከለክል፣ ሠራተኛዋ በዐረብኛ በሚሠራ ፍርድ ቤት ውስጥ መንከራተት የለባትም። አገሯ ገብታ ኤጀንሲውን ማኒላ ላይ ትከሳለች፤ ኤጀንሲው ይከፍላል፤ ከዚያ እሱ ከቀጣሪው ጋር ይተሳሰባል። ኤጀንሲው ፈቃድ ሲያወጣ ለዚሁ የሚሆን ዋስትና ባንክ አስቀምጧል። ይህ አንቀጽ ስላለ ኤጀንሲው ራሱ ክፉ ቀጣሪ ይፈራል። ፈቃድ ሳይኖረው ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው መልምሎ ያታለለ ደላላ ደግሞ ወንጀሉ የኢኮኖሚ አሻጥር ተብሎ ዕድሜ ልክ ያስፈርድበታል።

ለምን ይሄዳሉ

የማኒላን ደመወዝ ሳያዩ የዱባይን መመዘን አይቻልም። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የማኒላና የአካባቢዋ ዝቅተኛ የቀን ደመወዝ 695 ፔሶ ነው፤ 12 ዶላር ገደማ። ማኒላ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ ሴት የወር ደመወዟ ወለል በ2025 መጀመሪያ ላይ 7,000 ፔሶ ነበር፤ 120 ዶላር ገደማ። ይቺው ሴት ያንኑ ሥራ ሪያድ ወይም ዱባይ ስትሠራ ቢያንስ 400 ዶላር ታገኝ ነበር፤ ምግብና መኝታ ከቀጣሪው ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። አስተማሪ ሆና ቆይታ ጠመኔዋን ጥላ ልጅ ልትጠብቅ የመጣች ደንበኛ አለችኝ፤ ታናናሾቿ ኮሌጅ የገቡት በዚህ ልዩነት ነው።

ወለል ግን ወለል ነው፣ ደመወዝ ሁሉ አይደለም። ፊሊፒኖች ሥራ ሲያስቡ አገሮቹን በደረጃ ያውቋቸዋል፤ ከባሕረ ሰላጤው ከፍ የሚሉትን አቴ በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ።

ሆንግ ኮንግ ከባሕረ ሰላጤው ትሻላለች። እዚያ ወለሉን የሚጥለው ተቀባዩ መንግሥት ራሱ ነው፤ ፊሊፒናዊትም ሆነች ኢንዶኔዥያዊት ለሁሉም አንድ ነው። ከመስከረም 2025 መጨረሻ ጀምሮ 5,100 የሆንግ ኮንግ ዶላር ሆኗል፤ 650 የአሜሪካ ዶላር ገደማ። ቀጣሪው ምግብ ካላቀረበ 1,236 የሆንግ ኮንግ ዶላር ይጨምራል። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ግዴታ ነው፤ እሑድ እሑድ ሴንትራል የሚባለው የባንኮች ሰፈር ካርቶን አንጥፈው በሚቀመጡ ፊሊፒናውያን የሚሞላው ለዚህ ነው። ጉድለቱም ተጽፎ የተቀመጠ ነው፦ ሠራተኛዋ ከቀጣሪዋ ቤት ውጭ ማደር አትችልም፤ ውሏ ከፈረሰ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ አገሩን ለቃ መውጣት አለባት።

ታይዋን ፋብሪካ የሚገባ ፊሊፒናዊ የአገሩ ዜጋ የሚያገኘው ዝቅተኛ ደመወዝ ይከበርለታል፤ በ2025 በወር 28,590 የታይዋን ዶላር ነበር፤ ወደ 900 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። አሮጊትና ሽማግሌ የምትጦር ሴት ግን ከዚያው አገር የሠራተኛ ሕግ ውጭ ናት፤ ከ2022 ጀምሮ ወለሏ 20,000 የታይዋን ዶላር ነው። ከሁለቱም ላይ ደላላው በየወሩ የአገልግሎት ክፍያ ይቆርጣል።

ከዚያ በላይ ባሕሩ ይመጣል። በዓለም የንግድ መርከቦች ላይ ከሚሠሩት ሰዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ ፊሊፒናዊ ነው ይባላል። ለሠለጠነ ተራ መርከበኛ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያስቀመጠው መነሻ ደመወዝ ከጥር 2026 ጀምሮ 690 ዶላር ነው፤ የትርፍ ሰዓትና የዕረፍት ክፍያው ሲታከልበት በእጁ የሚገባው ከሺህ ዶላር ያልፋል። መኮንንና መሐንዲስ ሲሆን በብዙ ሺህ ይቆጠራል። መርከበኛ ለምልመላ አይከፍልም። ከመነሻ ደመወዙ 80 በመቶው በቀጥታ ለቤተሰቡ እንዲላክ ሕጉ ያስገድዳል። ታዲያ ወንዱ ሁሉ ለምን መርከብ አይሳፈርም? የባሕር ኮሌጅ የሚጨርሰው ብዙ፣ ለልምምድ ተማሪ የሚቀበል መርከብ ጥቂት ስለሆነ ነው። ማኒላ ውስጥ ካላው ጎዳና ዛፎች ሥር የኤጀንሲ ሠራተኞች የሥራ ማስታወቂያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ መርከበኞች የሰነድ ማኅደራቸውን ይዘው ይተያያሉ። አዲሱ ምሩቅ ግን የመርከብ ተራ እስኪደርሰው ኤጀንሲው ቢሮ ውስጥ ያለደመወዝ ሲላላክ፣ ቡና ሲያፈላ፣ ወለል ሲወለውል ወራት ይቆያል። ልማዱ የታወቀ ነው፤ አቤት ያለ ግን ተራው ያልፈዋል።

ከሁሉ በላይ ያሉት ነርሶቹ ናቸው። አገር ቤት በመንግሥት ሆስፒታል የሚጀምር ነርስ በ2025 ወደ 40 ሺህ ፔሶ ያገኝ ነበር፤ 700 ዶላር ገደማ። ይህም የሆነው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 የነርስ ደረጃ ከፍ እንዲል ከወሰነ በኋላ ነው። የግል ሆስፒታል የሚከፍለው ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። አንድ ሰሞን ልምድ የምትባለውን ወረቀት ለማግኘት ነርሶች ራሳቸው ለሆስፒታል እየከፈሉ ይሠሩ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ በመንግሥት ጤና አገልግሎት የሚጀምር ነርስ በ2025/26 የበጀት ዓመት በዓመት 31,049 ፓውንድ ያገኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ መካከለኛው የነርስ ደመወዝ በ2024 በዓመት 93,600 ዶላር ነበር። ፊሊፒናውያን ነርሶች አሜሪካ መሄድ የጀመሩት በ1948 በልውውጥ ፕሮግራም ነው፤ ስለዚህ መንገዱን አያቶች ጭምር ያውቁታል። በመስኮቴ የማያቸው ነርሶች አብዛኞቹ ዱባይን እንደ መሸጋገሪያ ይዘዋታል፦ ቀን ክሊኒክ ይውላሉ፣ ማታ ለአሜሪካው የፈቃድ ፈተና ያነባሉ፣ ከዚያ የቪዛ ወረፋውን ዓመታት ይጠብቃሉ። የኮሮና ወረርሽኝ በበረታበት በ2020 የፊሊፒንስ መንግሥት ሆስፒታሎቼ ባዶ ሊቀሩ ነው ብሎ የሚወጡትን አዲስ የጤና ባለሙያዎች በዓመት 5,000 ገደበ፤ በኋላ ወደ 6,500፣ ቀጥሎም ወደ 7,500 ከፍ አደረገው። ሰው መላክ የለመደ መንግሥትም አትሂዱ የሚልበት ቀን ይመጣል።

በጎን በር የገቡት

እንግዲህ ወደ ካፌዋ ልጅ ልመለስ። እሷ የመጣችው በቪዚት ነው። ዘመድ ጋብዛት፣ የቱሪስት ቪዛ ተመትቶላት፣ ኤርፖርት ላይ «ልጎበኝ ነው» ብላ አለፈች። ሥራ የፈለገችው ዱባይ ከደረሰች በኋላ ነው። ሳትዋ ሰፈር ውስጥ በመጋረጃና በኮምፔንሳቶ በተከፋፈለ ክፍል አንድ አልጋ ተከራየች፤ ቤድ ስፔስ ይሉታል። ቪዛው ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት ያገኘችውን ሥራ ያዘች። ኤምሬትስ ለውጭ አገር ሠራተኛ የደመወዝ ወለል በሕግ አላስቀመጠችም፤ ስለዚህ ቀጣሪው ያላት ቁጥር ደመወዟ ሆነ። ማኒላ ላይ የሚጠየቅላት ኤጀንሲ የለም። ያ የአንድነትና የነጠላ ተጠያቂነት አንቀጽ ለእሷ አይሠራም፤ የሚከሰስ ሰው የለምና።

በሕጋዊው መንገድ የመጣች የሱቅ ሻጭ ባብዛኛው ከ2,000 እስከ 3,500 ድርሃም ስታገኝ አያለሁ። በቪዚት መጥታ ያው ባንኮኒ ጋ የቆመች ከዚያ በብዙ ታንሳለች። ልዩነቱ የሚጠበው ከዓመታት በኋላ ሥራ ስትቀይር ነው።

አንዳንዴ ይህን በር የሚከፍተው ራሱ ክልከላው ነው። በ2014 ኤምሬትስ ኤምባሲዎች የቤት ሠራተኛ ውል እንዳይመረምሩ ከለከለች። ፊሊፒንስም ካልመረመርኩ አልልክም ብላ አቆመች። በሕጋዊ መንገድ መላክ እንደገና የተጀመረው በ2021 ነው። በመሐሉ ባሉት ዓመታት የቤት ሠራተኛ መቀጠር አልቆመም፤ በቪዚት ሆነ እንጂ። ያኔ የመጡት ብዙዎቹ የ400 ዶላሩን ወለል በወረቀት ላይ እንኳ አላዩትም።

የወረቀቱ ስንጥቆች

ሥርዓቱን አሞግሼ ብቻ ባልፍ ደንበኞቼ ይታዘቡኛል። መጀመሪያ ዕዳው አለ። የቤት ሠራተኛና መርከበኛ ለምልመላ አይከፍሉም፤ ሌላው ሠራተኛ ደግሞ ከአንድ ወር ደመወዙ በላይ አይጠየቅም ይላል ሕጉ። ነገር ግን ገንዘቡ «የሥልጠና»፣ «የሕክምና ምርመራ»፣ «የሰነድ» ተብሎ ስሙ ይቀየራል፤ ደረሰኝም አይሰጥም። ያንን ለመክፈል አምስት ስድስት የሚባለውን አራጣ ይበደራሉ፦ አምስት ወስዶ ስድስት መመለስ ነው፤ ለዚያውም በአጭር ጊዜ ውስጥ። ከአዲስ መጭዎቹ መካከል የመጀመሪያዎቹን ወራት ደመወዝ ለእናት ሳይሆን ለአበዳሪ የምትልክ አታጣም።

ሁለተኛው የውል ቅየራ ነው። ማኒላ ላይ 400 ዶላር ተብሎ ተፈርሞ፣ ሲደርሱ በዐረብኛ የተጻፈ ሌላ ውል ይቀርባል። ሁለቱንም ውል ይዛ መጥታ የትኛው ነው የሚሠራው ብላ የጠየቀችኝ አለች። እኔ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፤ ወደ ቆንስላው የሠራተኞች ቢሮ ነው የላክኋት።

ሦስተኛው ከገንዘብ በላይ ነው። በየካቲት 2018 ኩዌት ውስጥ የአንዲት ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ አስከሬን ባዶ አፓርታማ ውስጥ፣ ማቀዝቀዣ ተከቶ ተገኘ። ፊሊፒንስ ወደ ኩዌት መላክ አቆመች፤ በግንቦት ሁለቱ አገሮች ስምምነት ፈረሙ፦ ፓስፖርት ቀጣሪው ጋ አይቀመጥም፣ ስልክ አይነጠቅም፣ የሳምንት ዕረፍት ይከበራል። ስምምነቱ ግን ሰው ከመሞት አላዳነም፤ በጥር 2023 ሌላ ፊሊፒናዊት እዚያው አገር ተገድላ በረሃ ተጥላ ተገኘች። ወረቀት ደመወዝ ያስከፍላል እንጂ የተዘጋ በር ውስጥ ገብቶ አይጠብቅም።

ወለሉ ራሱም ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር። በ2006 የወጣው 400 ዶላር ሁለት አሥርት ዓመት ሊሞላው እስኪል አልተነካም፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ሩዙም የትምህርት ቤት ክፍያውም ጨምሯል። በ2021 መጨረሻ በወጣ ሕግ የተቋቋመው የውጭ አገር ሠራተኞች ሚኒስቴር ወለሉን ወደ 500 ዶላር እንደሚያሳድግ ያስታወቀው በ2025 ነው።

እኛ ከዚህ የት ነን

ናይፍ ሰፈር ያሉ እህቶቼ የሚጠይቁኝን አሁን ልመልስ። ሳውዲ ላይ ፊሊፒናዊት በ400 ዶላሩ ወለል 1,500 ሪያል ሲሰላላት፣ በሕጋዊ መንገድ ለሄዱት ኢትዮጵያውያን የተነገራቸው 1,000 ሪያል ነው። የሳውዲ መንግሥት በ2024 ቀጣሪ ለአስመጪ ኤጀንሲ የሚከፍለውን የምልመላ ወጪ ጣሪያ ሲያወጣ፣ ከፊሊፒንስ ለምትመጣ ሠራተኛ 14,700 ሪያል፣ ከኢትዮጵያ ለምትመጣ 5,900 ሪያል አለ። ሰው በዜግነቱ ዋጋ ወጥቶለታል። ፊሊፒኗ የተወደደችባቸው አሠሪዎች ወደ ኬንያ፣ ወደ ኡጋንዳና ወደ እኛ ይዞራሉ፤ የእነሱ ወለል ከፍ ባለ ቁጥር የእኛ ርካሽነት ገበያ ያገኛል።

የእኛም አገር ሕግ አላት። በ2016 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ ቀጣሪው ላይ ይጥላል። በወረቀት ሲታይ ከማኒላው ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ እምቢ ማለት ላይ ነው። ፊሊፒንስ በ2018 ለኩዌት አልልክም ስትል ሆንግ ኮንግ፣ ታይዋን፣ መርከቦቹና ሆስፒታሎቹ ክፍት ነበሩ፤ ኩዌት መፈረም ግድ ሆነባት። ኢትዮጵያ በ2013 ወደ ባሕረ ሰላጤው መላክ ስታግድ ሌላ ክፍት በር አልነበራትም፤ እገዳው በ2018 እስኪነሳ ድረስ ሰዉ በሱዳንና በየመን በኩል በደላላ ሄደ። የፊሊፒኗ የቤት ሠራተኛ ወለል የቆመው በሕጉ ብቻ አይደለም፤ የአገሯ ነርስና መርከበኛም ተሸክመውላታል። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ ለውጭ መርከቦች መሐንዲስ የሚያሠለጥን ተቋም መኖሩን ስሰማ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ከዚያ የሚወጣ እያንዳንዱ ልጅ የመደራደሪያ አቅም ነው፤ ለማያውቃት ለቤት ሠራተኛዋ ጭምር።

ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያው ለመሄድ ሻንጣ ለምታዘጋጅ እህት ከመስኮቴ የማየውን ልምከራት። ደመወዝሽን በዶላር ወይም በምትሄጂበት አገር ገንዘብ፣ በቁጥርም በፊደልም የተጻፈበትን ውል ቅጂ ለራስሽ ያዢ፤ አንዱን እናትሽ ጋ አስቀምጪ፣ አንዱን ስልክሽ ላይ አንሺው። የሚልክሽ ኤጀንሲ ፈቃድ እንዳለው ፈቃዱን የሚሰጠው የአገራችን ሚኒስቴር ጋ ሄደሽ አረጋግጪ፤ ደላላው አረጋግጫለሁ ቢልሽ አይበቃም። ለከፈልሽው ለማንኛውም ነገር ደረሰኝ ጠይቂ፤ ደረሰኝ የማይሰጥበት ክፍያ ሕጋዊ እንዳልሆነ ቁጠሪው። ስትደርሺ ሌላ ውል ቢቀርብልሽ ሳትፈርሚ ለቆንስላ ደውዪ፤ ቁጥሩን ከአገርሽ ሳትወጪ ያዢ። ከሁሉ በፊት ግን ኤጀንሲውን ፊት ለፊት ይህን ጠይቂው፦ ማዳሟ አልከፍልም ብትል አዲስ አበባ ላይ ማን ይከፍለኛል? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ካልሰጠሽ፣ ሌላ ኤጀንሲ ፈልጊ።